የዓሣ ጠባቂዋ ቃል

እናቴ አባቴን በውሽማዋ ምክንያት በመርዝ ገደለችው እየተባለ ነው ያደግኩት። የሰፈር ሐሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈው ነበር። ግን እሷው ራሷ ናት ዳኛ ፊት ቆማ፣ በተጣመመ አፏ፣ «አዎ፣ ገድዬዋለሁ» ያለችው። እኔም ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ? ዛሬ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌአለሁ፤ ልጆች ወልጃለሁ፣ ባል ፈትቻለሁ፣ ሽበት አብቅያለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔዋ እውነት አንዴ ጠራችና ተመልሳ ደፈረሰች። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው የወርቅ ማዕድኑ ካለበት ኮረብታ ሥር፣ ኩባንያው ለሠራተኞቹ በደረደራቸው የብሎኬት ቤቶች ውስጥ ነበር። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሰከረ ሰው የጎረቤቱን በር እየደበደበ «ክፈቺ!» ማለቱ የተለመደ ነው። አባቴ አለት የሚያፈነዳ ሠራተኛ ነበር። ሰው ሁሉ «ድማሚቱ» ይለዋል። ግራ ጆሮው አይሰማም። ስለዚህ ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲስቅ ይጮኻል፣ ሲቆጣማ አይጣል ነው። እነዚህ አፈንጂዎች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ አዲስ ሰው ወደ ቡድናቸው ሲገባ ከድማሚቱ ዱቄት መዳፉ ላይ ቆንጠር ያደርጉለትና እያዩት ይልሳል። ራሱን ለቀናት ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ወንድ ይባላል። አባቴ ይህን ታሪክ ሲያወራ ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል። ድማሚት የላሰ ምላስ! በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ጀግና አልነበረኝም። ከሥራ ሲመጣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ጣሪያው ወርውሮ ይቀልበኝ ነበር።

እናቴን ይመታት ነበር። ያኔ እንደ ዝናብ ነበር የማየው፤ ይመጣል፣ ያልፋል። በሩ ይዘጋል፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ይወድቃል። የአባቴ እህት፣ አብራን የምትኖረው አክስቴ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች «ባልና ሚስት ናቸው፣ አንቺ ሂጂና ተጫወቺ» ትለኛለች። እኔም እሄዳለሁ። ሲወጣ ጉንጬን ቆንጥሮ ከረሜላ ይሰጠኛል። አንድ ጊዜ እናቴ የቀኝ ዓይኗ አብጦ ተዘግቶ ሳለ «እማዬ፣ እየጠቀስሽኝ ነው?» ብያት ሳቀች። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የእናቴ ሥራ ዓሣ መጠበቅ ነበር። ሳቁ እንግዲህ፤ እውነቴን ነው። ወርቁ ከተፈጨው ድንጋይ የሚለየው በመርዝ ታጥቦ ነው። ያጠበው ውሃ ከነዝቃጩ ከፋብሪካው ጀርባ ያለ ትልቅ ኩሬ ውስጥ ይተኛል፤ ኩሬው ሲሞላ ደግሞ ላይ ላዩ በቱቦ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። መንግሥት ታዲያ ሕግ አወጣ። ውሃው ወንዙ ከመግባቱ በፊት ቱቦው አፍ ላይ በተሠራ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ማለፍ አለበት። ገንዳው ውስጥ ዓሦች ይኖራሉ። ዓሦቹ ከሞቱ ጠባቂዋ ወዲያው መዝጊያውን አዙራ ቱቦውን ትዘጋለች፤ ፋብሪካውም የመንግሥት ሰው መጥቶ እስኪያይ ይቆማል። መሣሪያ ይበላሻል፣ ሰው ይዋሻል፣ ዓሣ ግን አይዋሽም ብለው ነው መቼም። ዓሣስ እውነትም አይዋሽም። ግን የሞተ ዓሣ አውጥቶ በሕይወት ያለ መክተት እንደሚቻል ሕጉን ያወጡት ሰዎች አላሰቡትም።

ይህን ሁሉ ያኔ የት አውቄው። እናቴ ዓሦቹን የምትጠብቀው ለውበት ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮ ዳሷ እሮጣለሁ። ከቱቦው ጎን ብቅ ያለች የብረት ዘንግ ነበረች፤ ቦርሳዬን የምሰቅለው እሷ ላይ ነው። የመዝጊያው መዘውር ይገጠምባት የነበረችው ዘንግ እሷው ነበረች። መዘውሩን የፋብሪካው አለቃ ነቅሎ ቢሮው ቆልፎበታል። እናቴን ጠባቂ ብለው ቀጥረው መዝጊያውን የነሷት! ኤዲያ፣ በር ለሌለው ቤት ዘበኛ እንደ ማቆም ነው።

ለዓሦቹ ስም ማውጣት ደስ ይለኝ ነበር። አንዱን ቦርጫሙን «ዳኛው» አልኩት። በሳምንቱ ስመጣ ዳኛው ከሳ፣ ጀርባውም ጠቆረ። «እማዬ፣ ዳኛው ምን ሆነ?» ስላት «ልብስ ቀየረ» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ዓሣ ልብስ እንደሚቀይር ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አስተማርኩ፤ አልቀበልም ካለችኝ አንዲት ልጅ ጋርም ተደባድቤበታለሁ። በየጠዋቱ የሞቱት እየወጡ አዲስ እየገባ እንደነበር ከእኔና ከመንግሥት በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

ዓሦቹን የሚያመጣው ሰፈሩ «ባልዲው» የሚለው ሰው ነው። ከላይ ከጥሩው ውሃ አጥምዶ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ብስክሌቱ ላይ አስሮ፣ ሠራተኛ ሳይገባ ይደርሳል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንገቱ ረጅም ሰው ነበር። ቤቱ ግን ከቱቦው በታች፣ ከወንዙ ዳር ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ በአንዳንድ ጠዋት አብሬያት ስሄድ የማየው እሱና እናቴ ተጠጋግተው ሲያንሾካሹኩ፣ እሷ ዙሪያዋን ስትቃኝ፣ እሱ ባልዲውን ከጀርባው ሲደብቅ ነው። ባለሱቋ ሳሙና ስትሸጥልኝ ሌላዋን ሴት ጠቅሳ «የዚህች ልጅ እናት በጠዋቱ ምን እያጠመደች ይሆን?» ትላለች። ሴትየዋ «እሳት ካየው ምን ለየው፣ እናቲቱ ባል አላት እኮ!» ብላ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ሳቃቸው ደስ የማይል እንደሆነ ገብቶኛል። ምኑ እንደሚያስቅ ግን ቀስ እያለ ነው የገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ ማለቴ ነው።

አንድ ጠዋት ባልዲው ከብስክሌቱ ኋላ ልጁን ጭኖ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። እጆቿ እስከ ክርኗ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። እናቴ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና ጨርቁን ፈታችው። ቆዳዋ እንደ ድንች ልጣጭ ተነስቷል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። ልጅቷ አታለቅስም፤ ዝም ብላ እኔን ታየኛለች። እናቴ ከቤት ባመጣችው ውሃ አጠበቻት፣ ቅባት ቀባቻት፣ ከዚያ የእኔን፣ የእኔን ሰማያዊ ሹራብ ከዘንጓ ላይ አንስታ አለበሰቻት! ባልዲው ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቴ እጁን ያዘችው። እኔ ደሜ ፈላ። ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆኖልኛል፤ ሰውየው አባት ሊሆነኝ፣ ይህች ቆዳዋ የተላጠ ልጅ ደግሞ እህት ልትሆነኝ ነው። «ሹራቤን!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። አባቴ በሩን ዘግቶ «ጉሮሯችንን ልትዘጊው ነው? ይህ ሁሉ ሰው ምን ይብላ?» እያለ ሲጮህ ይሰማል። የእሷ ድምፅ ግን አይሰማም። «ተዋት እንጂ! ልትሄድ ከፈለገች ትሂድ!» አለች አክስቴ፤ እሷም ነገሩን የምታውቀው ከባለሱቋ አፍ ነበርና። የእኔ የማታ ጸሎት «እማዬ ትሂድ፣ አባዬ አይሂድብኝ» የሚል ነበር። እናቴ ግን የትም የምትሄድበት አልነበራትም። ያለችው «ከእንግዲህ የሞተ ዓሣ አላወጣም፤ የመንግሥት ሰዎች ሲመጡ ይዩት» ነው። ባልዲውም ዓሣ ማምጣቱን ሊያቆም ቃል ገብቶላታል።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀድሞ ይነገረናል። የሚገርም ቁጥጥር ነው፤ ሌባ «ነገ እመጣለሁና ቤትህን አዘጋጅ» ሲባል አስቡት። መንገዱ ውሃ ይረጫል፣ የራስ ቁር ይታደላል፣ እኛ ተማሪዎች ከመንገዱ ዳር ተሰልፈን እጃችንን እናውለበልባለን። ድንጋይ መፍጫው ደግሞ የመንግሥት መኪና በሩ ሲደርስ ይቆማል፤ እንግዳ ጩኸት አይወድም ተብሎ። በሌላው ሰዓት ግን የመፍጫው ጩኸት ምድሪቱን ያንቀጠቅጣል፤ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ እንኳ አፉ ሲከፈት እንጂ ድምፁ አይሰማህም።

በዚያን ቀን ከሰልፉ አምልጬ ወደ ቱቦው ሄድኩ። ከዳሱ በላይ አሮጌ ቱቦዎች የተከመሩበት ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እናቴ በርጩማዋ ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ገንዳው ውስጥ ዓሦቹ በጀርባቸው ተንጋለዋል። የተኙ መሰሉኝ።

አለቃው መጣ። ገንዳውን አየ። ምንም ሳይጠይቅ በጥፊ አጮላት፤ በርጩማው ወደ አንድ በኩል፣ እሷ ወደ ሌላ በኩል ሄዱ። ዞሮ ለአንድ ሞተረኛ እጁን አወናጨፈ፤ ሞተረኛው ባዶ ጀሪካን አንግቦ ወደ ላይኛው ወንዝ ከነፈ። ይኼኔ ባልዲው ብስክሌቱን እየገፋ ብቅ አለ። ባልዲ አልያዘም። ከእናቴ ጎን ቆሞ ሊመሰክር ቃል ስለገባላት ነው የመጣው። ለእኔ ግን ወዳጁን ሲመቷት አይቶ የመጣ ፍቅረኛ ነበር።

ከኮረብታው አባቴ ወረደ። አለቃው በጣቱ አንዴ ወደ ገንዳው፣ አንዴ ወደ ባልዲው አመለከተ። አባቴ እየሮጠ ደርሶ ሰውየውን ከነብስክሌቱ ጣለው። ከዚያ ያየሁትን ምነው ባላየሁ። በጫማው ሆዱን ረገጠው። ባልዲው እንደ ጨቅላ ተጠቅልሎ ተኛ። ጀርባውን ረገጠው። ባልዲው ራሱን ሊከልል ግራ እጁን ሲያነሳ አባቴ እጁን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በተረከዙ ወረደበት፤ ደግሞ ወረደበት። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምን እንደሚል በመፍጫው ጩኸት አይሰማም። «ዓሣውን አምጣ» እያለው ነበር። እኔ ጉብታው ላይ ቆሜ በጡጫዬ አየሩን እየመታሁ «በለው! አባዬ፣ በለው!» እላለሁ። ቤታችንን ሊያፈርስ የመጣውን ሰው አባቴ እየቀጣልኝ ነዋ!

እናቴ መሐል ገባች። አባቴ ዞር እንኳ ሳይል በጡጫው አገጯን መታት። ድምፁን አልሰማሁም፤ ግን እኔው የተመታሁ ያህል ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። አገጯ ከቦታው ወደ ጎን ሄደ። ደም በአንገቷ ወርዶ ቀሚሷ ውስጥ ገባ። ወደቀች። ይኼኔ ሞተረኛው ጀሪካኑን ዓሣ ሞልቶ እየተመለሰ ነው፤ በታችኛው መንገድ ደግሞ የነጩ መኪና አቧራ ይታያል። አለቃው ሞተረኛውን «ቶሎ! ቶሎ!» በሚል እጅ ጠራው። እናቴ በእጇ እየዳኸች ከዳሱ ጥግ አንድ ፌሮ አነሳች፤ ተነስታ ቆመችና ገንዳውን መታችው። መስታወቱ ሰነጠቀ። ደገመችው። ገንዳው ፈነዳ፤ ውሃው፣ ስባሪውና የሞቱት ዓሦች ጉልበቷን መትተው አለፉ።

እኔ በወዳጇ አብዳ ነው አልኩ። ዓይኔ እያየ ያልገባኝን ይህን ነገር ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ አዲሶቹን ዓሦች የሚከቱበት እንዳይኖር ነው የሰበረችው።

በዚያች ቅጽበት መፍጫው ቆመ። ጆሮዬ ጭው አለ። ከጉብታው ወርጄ ሮጥኩና የአባቴን እግር አቀፍኩ፤ ሱሪው ደም ነክቶታል። መኪናው ቆሞ ተቆጣጣሪው ወረደ። ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ወጣት፣ አንገቱን ቀበር የሚያደርግ ሰው። መሬት ላይ ባልዲውን አየ። እናቴን አየ። ዓሦቹን አለቃው በጫማው ጎን እየገፋ ወንዙ ውስጥ ከቷቸዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የቤት ጣጣ ነው» አለው አለቃው፣ እየሳቀ። «የዚህ ሰውዬ ሚስት ነች። ከዚያኛው ጋር እጅ ከፍንጅ ያዛት። ምን ይደረግ፣ ወንድ ልጅ ነው። ገንዳውን ነገ እንተካለን።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው? ኧረ ጌታዬ፣ የጠራ ነው! እኛው ራሳችን እንጠጣዋለን።»

እናቴ ይህን ሰማች። ልትናገር ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው ደምና አየር ነው። ከዚያ ከዳሱ ጣሳዋን አነሳች፣ ቱቦው አፍ ላይ ሞላችውና እየተንገዳገደች ሄዳ ለአለቃው ዘረጋችለት። ይቅርታ እየጠየቀች ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሰው ሲያጠፋ ውሃ ቀድቶ ለታላቁ ይሰጣል እንጂ ምን ያደርጋል?

አለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ኧረ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?» እሷ ተከተለችው። ጀርባው ቆርቆሮው ላይ እስኪለጠፍ ወደ ኋላ ሄደ። ሞተረኛው ፊቱን አዞረ። ተቆጣጣሪው ዝግ ባለ ድምፅ «እንግዲህ ይጠጡታ» አለው። የአለቃው ግንባር በላብ ተጠመቀ። ዓይኑ ሲንከራተት አባቴ ላይ አረፈ።

«ድማሚቱ! ሚስትህ አይደለችም? ና ጠጣላት!»

አባቴ ከላይ ከአለት ጋር ነው ሥራው፤ መርዙን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ዓሣ በብርድም ይሞታል፣ ሰው ግን ምንም አይሆንም ሲሉት ነው የኖረው። ሚስቱ በመንግሥት ሰው ፊት ስታዋርደው ደግሞ ማየት አልቻለም። እግሩን ከእቅፌ አላቀቀና ጣሳውን ከእጇ ነጠቃት። «ድማሚት ልሼ ያልሞትኩ ሰውዬ በውሃ ልፈራ?» ብሎ ጮኸ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጨለጠው። አፉን በክንዱ ጠርጎ ሳቀ። እናቴ እጇ እንደተዘረጋ ቆማለች። እኔ አጨበጨብኩ። ከእጇ ጠጣላት እኮ! ታረቁ!

ወዲያው ፊቱ ቀላ። እንደ ደከመው ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ትንፋሽ ፈልጎ የሸሚዙን ቁልፎች በጣጠሳቸው። ከዚያ በጀርባው ወደቀና እግሮቹ መሬቱን ይደበድቡት ጀመር፤ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ይጋጫል። እያጫወተኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እናቴ ላዩ ላይ ወድቃ ጭንቅላቱን ይዛ ከዚያ ከተሰበረ አፏ ያወጣችው ድምፅ ግን ሳቄን ከጉሮሮዬ መለሰው። ተቆጣጣሪው መኪናውን ተደግፎ አስመለሰው። እግሮቹ ቆሙ። አባዬ ሞተ።

አለቃው ያንኑ ቀን «ልቡ ነው፤ ቅናት ገደለው» ብሎ አስወራ። ባልዲውን አንስተው ከቤቱ ደጅ ጣሉት። ተቆጣጣሪው ሄደ፤ አፉን የዘጋው ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ቱቦው አፍ ላይ አዲስ ገንዳ ተተከለ፣ አዲስ ጠባቂ ተቀጠረ፣ ውሃውም መፍሰሱን ቀጠለ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አገጯ በጨርቅ የታሰረ አንዲት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ገብታ «ባሌን ገድያለሁ፣ እሰሩኝ» ባትል ኖሮ።

ፍርድ ቤት አክስቴ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር። በጣም የገረመኝ የአለቃው ደግነት ነው። ኮቱን ለብሶ መጥቶ ለእናቴ ይሟገትላታል! «ክቡር ዳኛ፣ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶት ነው። ምስኪን ሴት ናት፣ ወደ ልጇ ትመለስ።» አክስቴ ጥርሷን እያፋጨች «ይሄ ከይሲ ደግሞ ምን ነካው?» አለች። ዳኛው ወደ እናቴ ዞሮ «በምን ገደልሽው?» አላት።

«ከቱቦው ቀድቼ አጠጣሁት።»

«ውሃው ይገድላል እያልሽ ነው?»

«ገደለው እኮ።»

እንግዲህ ዛሬ አስቡት። እናቴ መርዝ ካጠጣች ውሃው መርዝ ነው። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ እናቴ ንጹሕ ናት፤ ወደ ቤቷ ትገባለች። አለቃው ውሃውን ሊያድን እሷን ነጻ ማውጣት ነበረበት፤ እሷ ወንዙን ልታድን ራሷን ማሳሰር ነበረባት። መንግሥት በዓሣ፣ በገንዳና በተቆጣጣሪ ያልደረሰበትን ነገር በነፍሰ ገዳይ በኩል ሊደርስበት ግድ ሆነ። ዳኛው አስከሬኑ ወጥቶ እንዲመረመር አዘዘ፤ ውሃውንም ድንገት፣ ማንም ሳይነገረው፣ አስቀዳው። ውጤቱ ሲነበብ ከቃላቱ አንዱም አልገባኝም። የገባኝ አለቃው ኮቱን አውልቆ በፊቱ ላይ ማድረጉና አክስቴ «ገዳይ!» ብላ መጮኋ ነው። ቱቦው ታሸገ። ፋብሪካው ቆመ። እናቴ ተፈረደባት።

ሰፈሩ አበደ። ሥራው የተዘጋበት ሁሉ «ባሏንም እኛንም ገደለች» እያለ ከቤታችን ደጅ ተሰበሰበ። መስኮቶቹ በድንጋይ ረገፉ፤ ከሳሙና ጋር ከረሜላ ትመርቅልኝ የነበረችው ባለሱቋ የወረወረችው ድንጋይ ግንባሬን ፈነከተኝ። አክስቴ አዝላኝ በጓሮ ወጣን። ከዚያ በኋላ የእናቴን ስም በቤታችን ማንም አንስቶ አያውቅም፤ እስር ቤት ሄጄ ልጠይቃት ብል አክስቴ በሕይወቷ አትፈቅድም ነበር። እናቴ ከተፈታች በኋላም ሩቅ ከተማ፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ተቀጥራ እንደምትኖር ብሰማም አልሄድኩም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ቤቴን ጠይቃ መጣች። እጅ ስትሰጠኝ መዳፏ እንደ ቃጫ ሻከረኝ። ክርኗ ድረስ ጠባሳ ነው። የባልዲው ልጅ ናት። አባቷ ሞቶ፣ ከመሞቱ በፊት ሁሉንም አጫውቷት ነበርና ተቀምጣ ነገረችኝ። ከላይ የነገርኳችሁ ሁሉ እኔ ያየሁትና እሷ የሰማችው ተገጣጥሞ ነው። «አባቴ እናትሽን እንደ እህቱ ነበር የሚያያት» አለችኝ። «እሷ በሐሰት ራሷን ባትወነጅል ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም።» አፈር ልብላ፣ እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቅኩት።

በማግስቱ አውቶብስ ተሳፈርኩ። እናቴን ያገኘኋት የአንሶላ ቁልል መሐል ቆማ ስታጥፍ ነው። አንሳለች። አገጯ ወደ ጎን እንደሄደ ቀርቷል፤ ቃላቱ በአፏ ጥግ በኩል ይወጣሉ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። «እማዬ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዳኛውን ዋሽተሽ ነው ያን ሁሉ ሰው ያዳንሽው። ሳትገድይ ነው የታሰርሽው። ይቅር በይኝ።»

አነሳችኝ። ፊቴን በአንሶላው ጫፍ ጠረገችልኝ። ከዚያ «ማን ነው ዋሸች ያለሽ?» አለችኝ።

«የባልዲው ልጅ መጥታ—»

«እሷ እዚያ አልነበረችም። አንቺ ነበርሽ። ጣሳውን ሲነጥቀኝ እጄ የት ነበር?»

የተዘረጋው እጇ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«አፌ ነው የተሰበረው፣ ልጄ። እጄ ደህና ነበር» አለች። «መታ ባደርገው ይደፋ ነበር። ዓሦቹን በየጠዋቱ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? አለቃው ይጠጣል ብዬ አልነበረም ያቀረብኩት፤ እንደማይጠጣ ተቆጣጣሪው እንዲያይ ነው። አባትሽ ሲነጥቀኝ ግን ያ ሁሉ በር የተዘጋብኝ ቀን በአንድ ጊዜ መጣብኝ። በሆዴ ጠጣው አልኩት። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ልነጥቀው እጄን ሳነሳ ጣሳው ባዶ ነበር።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። አንሶላውን ቁልሉ ላይ አስቀመጠችውና ሁለት እጆቼን ያዘች።

«ስለ ወንዙ ማንም አመስግኖኝ ቢሄድ ደስታውን አልችልም። አንቺ ግን ይቅርታ ልትጠይቂኝ አልነበረም የሚገባሽ» አለችኝ። «እንዲጠጣ የተውኩት አባትሽን ነበር። እስቲ ከቻልሽ አንቺ ይቅር በይኝ።»